የመድፈኛው መቀነት

ይህ ነገር የደረሰው በጣልያን ጊዜ ነው። ጠላት ደብረ ታቦር ገብቶ ምሽግ ከሠራ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ዛሬ አርጅቻለሁ፤ በዚያ ዘመን ካየሁት አብዛኛው ከልቤ ጠፍቷል። ይህ ግን አልጠፋም። ያገሬ ሰው እስከ ዛሬ የሚያመሰግነኝ በዚህ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ የማፍረው በዚሁ ነው።

የጉና ተራራ ግርጌ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዲያቆን ነበርሁ፤ እንጀራዬ ግን ብራና መጻፍ ነበር። ዳዊት እጽፋለሁ፤ በየምዕራፉ ራስጌ የሚሳለውን ጌጥ፣ ሐረግ የምንለውን፣ አሳምሬ እስላለሁ። ጠመንጃ አልነበረኝም። አገሩ ሲሸፍት ለአካባቢያችን አርበኞች አለቃ ለግራዝማች ወርቁ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆንሁ።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም እኩሌታው ላይ መድፈኞች መድፋቸውን በበቅሎ ጭነው ከደብረ ታቦር ወጡና ከአጥቢያችን ፊት ለፊት ካለው ጉብታ ላይ ጠመዱ። ሰው ቅዳሴ አስቀድሶ ሲወጣ ተኮሱ። አንዱ ጥይት ደጀ ሰላሙ ላይ ወደቀ። አራት ሰው ሞተ። ከአራቱ አንዱ ታናሽ ወንድሜ አዱኛ ነበር። እኔ ከግራዝማች ጋር ሌላ ወረዳ ነበርሁ፤ የደረስሁት ከተቀበረ በኋላ ነው።

እናቴ የተኮሱትን በዓይኗ አይታለች። መድፉን መልሰው ሲጭኑ፣ ወገባቸው ላይ ቢጫ መቀነት እንደ ጠመጠሙ አስተውላ ነበር። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ይህንኑ ትነግር ነበር፤ ቢጫ መቀነት፣ ቢጫ መቀነት እያለች።

ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ የእኛ ሰዎች ስንቅ የጫነ ጭፍራ መንገድ ላይ ጠብቀው ወጉ። አንድ መድፈኛ ቆስሎ ተማረከ። ለጣልያን ያደረ የሐማሴን ሰው ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይርቅም። ጥይት ጭኑን በስቶታል። ቁስሉን ያሰረው በገዛ መቀነቱ ነበር። መቀነቱ ደም ጠጥቶ ጠቁሯል፤ ጫፍ ጫፉ ግን ቢጫ ነበር።

ይህ ሲታይ ሰው ተነሣበት። ሊገድሉት ሲሉ ግራዝማች ደረሱ።

ምርኮኛው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «እኔ ከፋሲካ በኋላ ነው የመጣሁት። በጾሙ እዚህ አገር አልነበርሁም።»

«ሁሉም ሲያዝ እንዲህ ነው የሚለው» አለ አንዱ።

ግራዝማች የሰውየውን ታርቡሽ፣ ያን ረጅም ቀይ ቆቡን፣ አንሥተው አገላበጡት። ቆቡ በፊት በኩል የናስ ምልክት አለው። ሁለት መድፍ እንደ መስቀል ተጠላልፎ፣ መካከሉ ላይ የፈረንጅ ቁጥር ተቀርጿል። ቁጥሩን ማናችንም ማንበብ አልቻልንም። ማጭድ ይመስላል።

«ቢጫ የሚታጠቀው አንድ ጭፍራ ብቻ ነው? ወይስ መድፈኛ ሁሉ ነው?» ብለው ጠየቁ።

አንዱ አንድ ብቻ ነው አለ፤ ሌላው ሁሉም ነው አለ።

«እንግዲያው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው» አሉ። ወደ እኔ ዘወር ብለውም፣ «ይህን ምልክት ሳልና ደብረ ታቦር ሂድ። አቶ ሰይድን ታውቃቸዋለህ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ካባ የሰፉት። አሁን የወታደሩን ልብስ አስገድደው ያሰፏቸዋል። ይህ ጭፍራ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ በጾሙ የት እንደነበረ አጣርተህ ና። እስክትመለስ ማንም አይነካውም» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር። የሄድሁት ሰውየውን ላድነው አልነበረም። ማስረጃ ይዤ መጥቼ ሲሞት ለማየት ነበር። ሌላው እንዳይላክ ብዬ ተሽቀዳድሜ እሺ አልሁ።

ምልክቱን እንዲሁ ስዬ ብይዘው የከተማው መግቢያ ኬላ ላይ ይይዙኛል። ስለዚህ አንድ ብራና ወስጄ የዳዊት ሐረግ አስመስዬ ሳልሁት። ሁለቱን መድፍ ግንድ አደረግኋቸው፤ ዙሪያቸውን ቅጠልና አበባ ሞላሁት። ያን ማጭድ የመሰለ ቁጥር ከመካከላቸው እንደ ቡቃያ አበቀልሁት። ከዚያ በዳዊቴ ቅጠሎች መካከል አድርጌ ማኅደሩ ውስጥ ከተትሁት።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ዳዊቱን አውጥቶ ቅጠል በቅጠል ገለጠው። ያ ሥዕል ላይ ሲደርስ ቆም አለ።  ጎንበስ ብሎ ሥዕሉን ሳመና መለሰልኝ። እሱም ክርስቲያን ነበር። «ለእኔም ጸልይ» አለኝ።

አቶ ሰይድ የገበያው ዳር ላይ በነበረችው ጠባብ ቤታቸው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። ሽበት ያላቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ሰላምታ ስንለዋወጥ አጥቢያችንን ጠየቁኝ፤ የሞቱትንም በስም በስማቸው ጠቅሰው ነፍስ ይማር አሉኝ። እኔም ሥዕሉን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት እንዳዩት ቅጠሉንና አበባውን በጣታቸው ሸፍነው ምልክቱን ብቻ አስቀሩት።

«ይህን የሳልኸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ያ ማጭድ የመሰለህ ሰባት ቁጥር ነው» አሉኝ። «መድፉ ያው ነው፤ የመድፈኛ ሁሉ ምልክት ነው። የሚለየው ቁጥሩና የመቀነቱ ቀለም ነው። እዚህ ምሽግ ሁለት የመድፍ ጭፍራ አለ። አንደኛው ሰማያዊ ይታጠቃል። ይህኛው ቢጫ ነው።»

«ቢጫው ከየት መጣ?»

«ከአስመራ በጎንደር በኩል የመጣ ነው። ስሜን ላይ ሲዋጋ ከርሟል። እዚህ የገባው ባለፈው መስቀል ግድም ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በጾሙ እኩሌታ ወደ ጉና የወጣውም እሱ ነው። ሲመለሱ ሱሪያቸውን ሁሉ እሾህ ዘንጥሎት እኔ ነኝ የጣፍሁት። ምን ሠርተው እንደመጡ እዚሁ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

ልቤ ደስ አለው። ያ ደስታ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል።

እንዲህ ስንነጋገር አንድ ነጭ የጣልያን ወታደር፣ ከኋላው አስተርጓሚ አስከትሎ፣ ዘው ብሎ ገባ። ብራናው መኪናው ላይ ተዘርግቷል። አቶ ሰይድ ሳይደነግጡ አጠገባቸው የነበረውን ካኪ አንሥተው በላዩ አለበሱት፤ የመለኪያውን ገመድ አንገታቸው ላይ አደረጉና፣ «እጅህን አንሣ እንጂ፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ!» ብለው ተቆጡኝ። እጄን አነሣሁ። ደረቴን ለኩ፤ ወገቤን ለኩ። ወታደሩ ከግድግዳው ተሰቅሎ የነበረ ልብሱን ተቀብሎ፣ አንድ ቁልፍ ጎድሏል ብሎ ተነጫንጮ፣ ቁልፉን አስተክሎ ወጣ። 

ብራናዬን አጣጥፌ ስነሣ፣ «ለመሆኑ ይህን የፈለጋችሁት ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«አንድ ሰው ከእነሱ ተማርኳል።»

እግራቸውን ከመኪናው መርገጫ ላይ አነሡ። «ከነባሮቹ ነው? ወይስ ከአዲሶቹ?»

«ምን ለውጥ አለው? ጭፍራው ያው ነው» አልሁ።

«ላልተኮሰ ሰውማ ለውጥ አለው» አሉና አስቀመጡኝ። «ስማ፣ ዲያቆን። ከነባሮቹ ብዙው በበሽታ አልቆ ነበር። በምትካቸው አዲስ ሰዎች የመጡት ከፋሲካ በኋላ ነው። መቀነት እንድሰፋላቸው ቢጫ ጨርቅ ሰጡኝ፤ ጨርቁ ግን አጠረ። ቁራጭ ከቁራጭ ቀጠልሁ። ቢጫ ክር አልነበረኝም፤ በቀይ ክር ሰፋሁት። አለቃቸው ሰደበኝ፤ ቢሆንም ሌላ ክር የለም፤ ያንኑ ታጠቁ። የነባሮቹ መቀነት አንድ ወጥ ነው፤ ስፌት የለውም። ሂድና መቀነቱን እዩት። መካከሉ ላይ ቀይ ስፌት ካለ፣ ያ ሰው በጾሙ እዚህ አልነበረም። ወላሂ፣ አልነበረም።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ደኅና ዋሉ ማለቴን እንኳ አላስታውስም።

መንገድ ላይ አንድ ዘመዳችን ቤት አደርሁ። ሲነጋ ጉናን ሽቅብ ስወጣ ጉም ነበር፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እየሄድሁ ነገሩን ለሁለት ከፈልሁት። ግራዝማች የጠየቁኝ ጭፍራው የማን እንደሆነና በጾሙ የት እንደነበረ ነው። ያን እናገራለሁ። ስለ ስፌቱ ማንም አልጠየቀኝም። ያልተጠየቅሁትን አለመናገር ውሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ፈረድሁ። በዚያ ላይ መቀነቱ በደም ደርቋል፤ ምናልባት ስፌት የለውም ይሆናል አልሁ። ወንድሜ ደግሞ በእርግጥ ሞቷል።

ስደርስ ሰው ከዋርካው ሥር ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። የሟቾቹ ዘመዶች ሁሉ መጥተዋል። እናቴም አለች።

«ጭፍራው ሰባተኛው ነው» አልሁ። «ቢጫ የሚታጠቀው እሱ ብቻ ነው። በጾሙ ወደ እኛ የወጣውም እሱ ነው።»

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ግራዝማች እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

«ሌላ የሰማኸው አለ?»

ተጠየቅሁ ማለት ነው።

«የለም፣ ግራዝማች» አልሁ።

ሽማግሎች ተማከሩ። ፍርዱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዲፈጸም ተባለ። ምርኮኛው ሲነገረው አልጮኸም፤ ቄስ ጥሩልኝ ብቻ ነው ያለው። ቄሳችን ግን ለቀብር ሌላ አጥቢያ ሄደው ነበር። ግራዝማች እኔን ተመለከቱ። «ቄስ እስኪገኝ አንተ ዳዊት ድገምለት። ክርስቲያን ነው» አሉኝ።

እምቢ ማለት አልቻልሁም።

ሰውየው ከአንድ ጎተራ ሥር ተቀምጦ፣ የቆሰለ እግሩን ዘርግቶ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥሁ። ዳዊቱን ከማኅደሩ ሳወጣ፣ «ዲያቆን፣ መጻፍ ታውቃለህ ይሉሃል» አለኝ። አማርኛው የትግርኛ ዜማ አለው፤ ቃሉ ግን ጥርት ያለ ነው።

«አውቃለሁ።»

«እናት አለችኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። የክርስትና ስሜንና የሞትሁበትን አገር ጻፍልኝ። ወደ አስመራ የሚሄድ ነጋዴ ቢገኝ ያደርስላታል። ተዝካሬን የምታወጣበትን ቀን ትወቀው። ምን ጊዜም ይመጣል ብላ ደጅ ደጁን ስታይ እንዳትቀር ነው።»

ቀለሜን በጠበጥሁ። ብርዕ አወጣሁ። «ስምህ ማነው?» አልሁት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስሙን ከእኛ አንድም ሰው አልጠየቀውም ነበር።

«ተስፉ እባላለሁ። የክርስትና ስሜ ወልደ ሚካኤል ነው።»

ልጽፍ ጎንበስ ስል ዓይኔ ጭኑ ላይ አረፈ። መቀነቱ ከጉልበቱ በላይ ተጠምጥሟል። ደሙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከተሰነጠቀው በአንዱ በኩል ስፌቱን አየሁት። ጥቅጥቅ ያለ፣ የመኪና ስፌት። ክሩ ቀይ ነበር።

ብርዑ እጄ ላይ ቀረ። «ወልደ» የሚለውን ጽፌ ነበር፤ ከዚያ በላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደግ ሰው ስለሆንሁ አይደለም። ፈራሁ። እናቱ ያን ወረቀት ስታስነብብ፣ የእኔን የእጅ ጽሕፈት ስታይ ታየችኝ።

ተነሥቼ ወደ ግራዝማች ሄድሁ። ብቻቸውን ነበሩ።

«ዋሽቼዎታለሁ» አልሁና ሁሉንም ነገርኋቸው። የአቶ ሰይድን ቃል፣ ቀይ ክሩን፣ መንገድ ላይ ያሰብሁትን ጭምር።

 «ለምን ደበቅህ?» አሉ።

«ወንድሜ ነው፣ ግራዝማች።»

«ከሞቱት አንዷ የእኔ የእህት ልጅ ናት» አሉ። ይህን ከአንደበታቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ፣ «መዋሸትህን ማን ያውቃል?» አሉኝ።

«ማንም አያውቅም።»

«እንግዲያው ማንም አይወቅ። የሟች ወንድም ነህ፤ ሕዝቡ ፊት አላዋርድህም። ሰፊው ያሉኝን አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር በልና ተናገር። ሌላውን አንተው ከፈጣሪህ ጋር ጨርሰው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ሰው አላመነም። አንዱ፣ «ደም ነው እንጂ የምን ቀይ ክር ነው!» አለ።

ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። ከሰው መካከል አልፋ ሄዳ ሰውየው አጠገብ ተንበረከከች። «ለቁስሉ ሌላ ጨርቅ አምጡ» አለች። መቀነቱን ቀስ አድርጋ ፈታችው። ደርቆ ተጣብቆ ስለነበር በውሃ እያራሰች ነው ያላቀቀችው። ከዚያ በቅል ውሃ አሸችው። ውሃው ቀላ፤ ደፋችው። ሌላ ውሃ አስመጣች። በሦስተኛው ውሃ ጨርቁ ቢጫነቱ ወጣ። በሁለት እጇ ወጥራ ለሰው አሳየችው። መካከሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ስፌት ነበር።

«ደም ቢሆን በለቀቀ ነበር» አለች። «ይህ ክር ነው።»

 እግሩን በንጹሕ ጨርቅ አስራ ወደ ቤቷ ሄደች። ሰውም አንድ በአንድ ተበተነ።

ወደ ማታ ገደማ ቤት ስገባ እናቴ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷን ሳታቆም፣ «ስፌቱ መቼ ነው ትዝ ያለህ?» አለችኝ።

«ዳዊቱን ስከፍት» አልኋት።

እንዝርቷን አቆመች። አየችኝ።  «ደግ ነው» አለችና መፍተሏን ቀጠለች። ታውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። እስክትሞት ግን አላነሣችውም፤ እኔም አላነሣሁትም።

ተስፉ ክረምቱን እኛ ጋ ከረመ። ቁስሉ ዳነ፤ ትንሽ ያነክስ ነበር። እናቴ ገብስ ፈጭታ በሶ ትልክለት ነበር። መስቀል ካለፈ በኋላ ግራዝማች ከአንድ ጨው ነጋዴ ጋር በይፋግ በኩል ወደ አገሩ ሰደዱት። ሲሰናበት ትከሻዬን ስሞ አለቀሰ። «ነፍሴን ያተረፍሃት አንተ ነህ» አለኝ። እኔ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «እግዜር ነው» አልሁ። ከዓመት በኋላ ያው ነጋዴ ሰላምታውን አመጣልኝ። ተስፉ እናቱን አግኝቷት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም።

ጠላት ከወጣ በኋላ አንዳንድ ሰዎች አቶ ሰይድን ለጣልያን የሰፋ ባንዳ ነው ብለው ሽማግሌ ፊት አቆሟቸው። ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ መሰከርሁላቸው። ኬላውን፣ ብራናውን፣ ወታደሩ ሲገባ ያደረጉትን፣ ሁሉንም ተናገርሁ። ተለቀቁ። ያን ቀን ቤታቸው ወስደው አስተናገዱኝ። «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። አገሩ ገባ አልኋቸው። «እኔማ እሺ ብለህ ስትወጣ ፊትህን አይቼ፣ አይናገርም ብዬ ነበር» አሉ። «በልቤ አምቼህ ነበርና ይቅር በለኝ።»

ይቅር ብዬዎታለሁ አልኋቸው። ሌላ ምን ልበል?

ግራዝማች ምስጢሬን ይዘው አረፉ። አጥቢያችን ውስጥ ዛሬም ሠርግ ላይ ሆነ ለቅሶ ላይ ያ ታሪክ ሲነሣ ወጣቶቹ ይጠይቁኛል። እኔም ስለ ኬላው፣ ሐረግ አስመስዬ ስለ ሳልሁት ምልክት፣ ስለ ሰባት ቁጥር እነግራቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል። ከዋርካው ሥር «የለም፣ ግራዝማች» ካልሁበት ሰዓት ጀምሮ ብርዑ እጄ ላይ እስከ ቀረበት ድረስ ስላለው ጊዜ ግን ከግራዝማች ሌላ ለማንም አልተናገርሁም። ቢቆጠር ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። በዚያች ሰዓት ግን ያን ሰው ገድየዋለሁ፤ ገድየውም ምሳዬን በልቻለሁ። አሁን ያን ቀን ከዋርካው ሥር የነበሩት ሁሉ ስላለቁ ጻፍሁት። ተስፉ በሕይወት ካለና ይህ ከእጁ ከገባ፣ ያን ቀን መሬት መሬቱን ለምን እንዳየሁ ይወቅልኝ።